ባዶው ግማሽ

አማርኛው «መሐንዲስ» በደቡብ ሳዑዲ በጂዛንና በሌሎች የድንበር ከተሞች ከሚሰማው «ሙሀንዲስ» ጋር አንድ ቃል ነው። ዐረብኛው ራሱ ቃሉን የወሰደው ከፋርስኛው «አንዳዜ» ነው፤ ትርጉሙም ልክ፣ መጠን ማለት ነው። ስለ መሐንዲሶች የሚነገሩ ብዙ ቀልዶችም ከዚሁ ነገርን በልኩ የመውሰድ ልማድ ይነሣሉ።

አንዲት ሴት መሐንዲስ የሆነውን ባሏን «አንድ ወተት ግዛ፤ እንቁላል ካለ ስድስት አምጣ» ትለዋለች። ስድስት ወተት ተሸክሞ ይመጣል። ለምን ይህን ሁሉ እንዳመጣ ስትጠይቀው «እንቁላል ነበራ!» ይላል። ሰው በልምድ የሚሞላውን ክፍተት መሐንዲሱ አይሞላም፤ የተነገረውን እንደ ሥራ ትእዛዝ ቃል በቃል ይፈጽማል።

ሌላው የቀልድ ምንጭ የብልሽት ሥጋት ነው። «ሊበላሽ የሚችል ነገር መበላሸቱ አይቀርም» የሚለው የመርፊ ሕግ ስሙን ያገኘው ከአሜሪካዊው መሐንዲስ ከኤድዋርድ መርፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በኤድዋርድስ አየር ኃይል ሰፈር በተደረገ ሙከራ የመለኪያ መሣሪያዎቹ ሽቦ በተቃራኒው ተገጥሞ ስለነበር ውጤት ሳይገኝ ቀረ። ከዚያ የተነሣውን ሕግ ዓለም እንደ ቀልድ ይደግመዋል፤ ለመሐንዲስ ግን የዕለት ሥራው መመሪያ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው የብርጭቆው ቀልድ ነው፤ ቁም ነገር አለበትና። እስከ ግማሹ ውኃ የያዘ ብርጭቆ ያየ ተስፈኛ «ግማሹ ሞልቷል» ይላል፤ ጨለምተኛው «ግማሹ ባዶ ነው» ይላል። መሐንዲሱ «ብርጭቆው ከሚያስፈልገው እጥፍ ነው» ይላል። የእርሱ ጥያቄ አንድ ነው፤ ዕቃው የተሠራው ለምን ሥራ ነው?

ለዚህ ጥያቄ ጂዛን ውስጥ ትልቅ ምሳሌ አለ። ከአቡ ዓሪሽ ከተማ አቅራቢያ፣ ዋዲ ጂዛን በሚባለው የጎርፍ ወንዝ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሥራ የጀመረ ግድብ ይገኛል። ዋዲው ከየመን ድንበር ተራሮች ይነሣና ማሽላ የሚዘራበትን የቲሃማ ሜዳ አቋርጦ ወደ ቀይ ባሕር ይወርዳል። ተራራው ላይ ሲዘንብ ጎርፉ በድንገት ይደርሳል። ግድቡ ሁለት ሥራ አለው፤ ለመስኖ ውኃ ያከማቻል፣ ጎርፉንም ያበርዳል። ለገበሬው የሞላ ግድብ ደስታ ነው። መሐንዲሱ ግን ባዶውን ክፍል ይቆጥራል፤ የነገውን ጎርፍ የሚቀበለው እርሱ ነውና። በብርጭቆው ላይ «ትርፍ ነው» ያለው ባዶ ቦታ እዚህ የሰው ሕይወት ጠባቂ ነው። ሁለቱ ፍርዶች አይጋጩም፤ ብርጭቆ የሚይዘው የተቀዳውን ነው፣ ግድብ ግን ገና ያልመጣውንም ይጠብቃል።

ቀልዱ የማያነሣው የጂዛን ግድብ ችግር ደለል ነው። ጎርፉ ከተራራው አፈር ጠርጎ ያመጣል፤ አፈሩም ከግድቡ ሥር ይተኛል። በዚህ የተነሣ ግድቡ ውኃ የሚይዝበት ስፍራ ሥራ ከጀመረበት ጊዜ ይልቅ ዛሬ ጠቧል።