ቴሌቪዥኑ ተሰቀለ፤ ሽቦውስ?

በአቃቂ ቃሊቲ፣ በቱሉ ዲምቱና በገላን ኮንዶሚኒየሞች ቤት አስውቦ የሚያከራይ ባለንብረት ቴሌቪዥኑን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። የሳሎኑን ውበት የሚያበላሸው ከሥሩ የሚንጠለጠለው ሽቦ ነው።

መላው ሁለት ነው። አንዱ ካናሊና ለጥፎ የግድግዳውን ቀለም መቀባት ነው፤ ወጪው ትንሽ ነው፣ ሲያስፈልግም ይነቀላል። ሌላው ግድግዳ ፈልፍሎ ቱቦ መቅበር ነው። ብሎኬት ግን ውስጡ ክፍት ስለሆነ በአግድም ረጅም መስመር ሲፈለፈል ይዳከማል፤ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ መውረድ ይሻላል።

የቴሌቪዥኑን የኃይል ገመድ እንዳለ በልስን መቅበር ቁጠባ መስሎ ኪሳራ ነው። ገመዱ ለዚያ አልተሠራም፤ ቢግል ወይም ቢላጥ የሚያየው የለም፤ የተሸከመውም 220 ቮልት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚተመን፣ የተቃጠለ ቴሌቪዥን መተካትም ቀላል አይደለም። ትክክለኛው በኤሌክትሪክ ባለሙያ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሶኬት ማውጣት ነው። የዲሽና የኤችዲኤምአይ ገመድ የራሱ ቱቦ ይኑረው።

ቤቱን ገና የሚያስጨርስ ከልስን በፊት ባዶ ቱቦ ያስቀብር። ዛሬ ሒሳቡ የቱቦ ብቻ ነው፤ ከቀለም በኋላ የፍልፈላ፣ የልስንና የቀለም ይጨመርበታል።