ቅይጥ ፍልሚያን ሙያቸው ስላደረጉ ሴቶች

(በራዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ከነጌሌ ቦረና እስከ ያቤሎ፣ ከሜጋ እስከ ሞያሌ ባሉት የደቡብ ቆላ ከተሞች ለመንግሥት ሥራ ተመድባችሁ የምትኖሩ ሁሉ እንደምታውቁት፣ ማታ ማታ እግር ኳስ በሚታይባቸው አዳራሾችና በወጣቶች የእጅ ስልክ ላይ አንድ አዲስ የግጥሚያ ዐይነት መታየት ከጀመረ ሰንብቷል። ሁለት ሰዎች በሽቦ በታጠረ መድረክ ውስጥ ገብተው በቡጢም፣ በእርግጫም፣ በትግልም ይጋጠማሉ። ከተጋጣሚዎቹም መካከል ሴቶች ይገኛሉ። ወላጅ ይህን ባየ ጊዜ ፊቱን ያዞራል፤ ልጅ ግን ትኩር ብላ ታያለች። ከዚያም አንድ ቀን «አባባ፣ እኔም ልማር» የምትል አትጠፋም። በዛሬው ንግግራችን ለዚህች ልጅ መልስ መስጠት ላለባቸው አባትና እናት፣ እንዲሁም የከተማውን አዳራሽ ቁልፍ ለያዘው ሹም የሚረዳ ነገር ለመናገር እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ስፖርቱ በውጭ አገር አጠራር «ሚክስድ ማርሻል አርትስ» ይባላል፤ እኛ ቅይጥ ፍልሚያ ብንለው ከትርጉሙ ብዙ አንርቅም። ቅይጥ መባሉም ቡጢውን ከቦክስ፣ እርግጫውን ከካራቴና ከታይላንድ ቦክስ፣ ጥሎ መጣሉን ከትግልና ከጁዶ፣ አንገት አንቆ ወይም ክንድ ጠምዝዞ እጅ ማሰጠቱን ከጁጂትሱ እየወሰደ አንድ ላይ ስላደረገ ነው። ዩ.ኤፍ.ሲ. የተባለው ታላቁ የአሜሪካ ድርጅት የመጀመሪያውን ትርኢት ያሳየው ኖቬምበር 12 ቀን 1993 በዴንቨር ከተማ ነበር። ያን ጊዜ ደንቡ እጅግ የላላ ስለ ነበረ የክብደት ደረጃ እንኳ አልነበረውም፤ ከዚህም የተነሣ ሴናተር ጆን ማኬይን ሰውን እንደ አውራ ዶሮ ማዋጋት ነው ሲሉ አወገዙት፤ የኒው ዮርክ ግዛትም እስከ 2016 ድረስ በክልሏ እንዳይካሄድ ከልክላ ቈይታለች።

ዛሬ የተጻፈ ደንብ አለው። ተራ ግጥሚያ እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ የሆነ ሦስት ዙር ሲኖረው፣ የሻምፒዮንነት ግጥሚያ አምስት ዙር ነው። ዐይን መውጋት፣ በራስ ቅል መምታት፣ ማጅራትን መደብደብ፣ በጉልበቱ የተንበረከከን ሰው ራሱን መርገጥ ክልክል ነው። የተሸነፈ ሰው የባላጋራውን ገላ ወይም ምንጣፉን በእጁ መታ መታ ካደረገ ውጊያው በዚያው ቅጽበት ያበቃል፤ ራሱን መከላከል የማይችል መስሎ ከታየም ዳኛው መካከል ገብቶ ያስቆማል። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ከመንገድ ጠብ የሚለየው ዋናው ነገር ይህ የማቆም ሥልጣን ነው።

ሙያው ለአንዲት ሴት እንዴት እንደሚጀመርና ወዴት እንደሚያደርስ ለማስረዳት የብራዚላዊቷን የአማንዳ ኑኔስን ታሪክ መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ከትልቅ ከተማ ያልተነሣች በመሆኗ ነው። በ1988 የተወለደችው ባሂያ በተባለው ክፍለ ሀገር፣ ፖጁካ በምትባል ትንሽ ከተማ ሲሆን፣ ያሳደገቻት እናቷ ናት። ገና በሕፃንነቷ ካፖኤራ ተማረች። ካፖኤራ ወደ ብራዚል በባርነት የተጋዙ አፍሪካውያን በጭፈራ መልክ ይዘው ያቈዩት የውጊያ ጥበብ ነው፤ መንግሥት በ1890 በሕግ ከልክሎት እንደ ነበረም ይታወቃል። በዐሥራ ስድስት ዓመቷ ወደ ቦክስ ገባች። ዳሩ ግን በፖጁካ ከዚያ በላይ የሚያስተምራት አልነበረምና ወደ ክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ወደ ሳልቫዶር ሄደች። ቤት መከራየት ስላልቻለች እዚያው በማሠልጠኛው ውስጥ ታድር ነበር። ከሠልጣኞቹ መካከል ሴት እርሷ ብቻ ነበረች፤ «አንበሲቱ» የሚለውም ስም እስከ ዛሬ አልተለያትም።

ማርች 8 ቀን 2008 ለመጀመሪያ ጊዜ በክፍያ ተጋጠመች። በሠላሳ አምስት ሴኮንድ ውስጥ ክንዷን ተጠምዝዛ ተሸነፈች። ሠላሳ አምስት ሴኮንድ ማለት የዚህን ጽሑፍ የመጀመሪያ አንቀጽ አንብቦ ለመጨረስ እንኳ የማይበቃ ጊዜ ነው። በዚያን ዕለት ወደ ፖጁካ ተመልሳ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልፈረደባት።

የመሸነፏ ነገር ይቅርና፣ በዚያ ዘመን ብታሸንፍስ ኖሮ የምትወጣበት መሰላል የት ነበረ? በኦገስት 2009 ጂና ካራኖና ክሪስ ሳይቦርግ በአንድ ትልቅ ትርኢት ላይ የዋናው ግጥሚያ ተጋጣሚዎች ሆነው መቅረባቸው እንደ ታምር ተቈጠረ። የዩ.ኤፍ.ሲ. አለቃ ዴና ኋይት በ2011 ሴቶች በድርጅትዎ ውስጥ መቼ ይጋጠማሉ ተብለው ቢጠየቁ፣ በጭራሽ አይሆንም ሲሉ መለሱ። ይህን ቃል ያስለወጠቻቸው በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ በጁዶ የነሐስ ሜዳይ ያገኘችው ሮንዳ ራውዚ ናት። ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2013 እርሷና ሊዝ ካርሙሽ በዩ.ኤፍ.ሲ. መድረክ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ሆነው ተጋጠሙ። ኑኔስም በዚያው ዓመት በኦገስት ወር በዚሁ በር ገባች። በሩ በተከፈተ ጊዜ እርሷ አምስት ዓመት ሙሉ በየትናንሾቹ መድረኮች ስትወድቅና ስትነሣ ቈይታ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ባጭሩ እንለፈው። በጁላይ 2016 ሚሻ ቴትን አሸንፋ የ61 ኪሎ ክብደት ሻምፒዮን ሆነች። በዲሴምበር 2016 ራሷን ራውዚን በአርባ ስምንት ሴኮንድ ውስጥ ረታች። በዲሴምበር 2018 ደግሞ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትሸነፍ የቈየችውን ሳይቦርግን በአምሳ አንድ ሴኮንድ በዝረራ ጥላ፣ በሁለት ክብደት በአንድ ጊዜ ሻምፒዮን በመሆን ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2021 ጁሊያና ፔንያ አሸነፈቻት፤ ኑኔስም ለብዙ ጊዜ ከሠለጠነችበት ቡድን ተለይታ የራሷን ማሠልጠኛ አቋቁማ በ2022 ቀበቶዋን አስመለሰች። በጁን 2023 ሃያ ሦስት ጊዜ አሸንፋ፣ አምስት ጊዜ ተሸንፋ፣ ሁለቱን ቀበቶዎች ከመድረኩ ላይ አስቀምጣ ተሰናበተች። ይሁን እንጂ በጁን 2025 ኬይላ ሃሪሰን ቀበቶውን ባገኘችበት ምሽት ወደ መድረኩ ገብታ ፊት ለፊት ቆመችላት፤ ለመመለስ ማሰቧንም በዚህ አስታወቀች። ሙያተኛ ተፋላሚ መሰናበቱን አንድ ጊዜ ብቻ ሲናገር የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው።

አሁን ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከሚጠይቀው ጥያቄ እንግባ፤ ደመወዙስ? በዚህ ሙያ የወር ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። ውል የሚገባው በግጥሚያ ቍጥር ነው፤ ክፍያውም ብዙ ጊዜ በሁለት ይከፈላል፤ ግማሹ መድረክ ላይ ለመቅረብ፣ ሌላው ግማሽ ለማሸነፍ። በዲሴምበር 2016 ራውዚና ኑኔስ በተገናኙበት ምሽት በይፋ በተገለጸው ሒሳብ መሠረት ተሸናፊዋ ራውዚ ሦስት ሚሊዮን ዶላር ስትቀበል፣ አሸናፊዋና ሻምፒዮኗ ኑኔስ መቶ ሺህ ለመቅረብ፣ መቶ ሺህ ለማሸነፍ፣ በድምሩ ሁለት መቶ ሺህ ዶላር አገኘች። ይኸውም የዐሥራ አምስተኛ እጅ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ተመልካቹ የመጣው ራውዚን ለማየት ነበርና ገበያው ለብርታት ብቻ አይከፍልም። ከሚከፈለውም ላይ አሠልጣኙ፣ ወኪሉና የግብር ቢሮው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ይህ እንግዲህ የቍንጮዎቹ ሒሳብ ነው፤ በታችኛው እርከን ያሉት ሌላ ሥራ ካልደረቡ አይኖሩም። ከ2010 መጨረሻ እስከ 2017 የተጋጠሙ ተፋላሚዎች ድርጅቱ ገበያውን ብቻውን ይዞ ዋጋችንን አሳነሰብን ብለው በመክሰሳቸው፣ ድርጅቱ ሦስት መቶ ሰባ አምስት ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ በ2025 ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን አጽድቆታል።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን ገላ የሚከፍለው ዋጋ ነው፤ እዚህ ላይ ማለዘብ አይገባም። ተፋላሚ በግጥሚያው ዋዜማ ይመዘናል። ከክብደቱ በታች ገብቶ ለመጋጠም ሲል በጥቂት ቀኖች ውስጥ ውሃ ከሰውነቱ ያስወጣል፤ አይጠጣም፤ በሙቅ ቤት ተቀምጦ ያልባል። የቦረናን ጥልቅ ጕድጓዶች ያየ፣ ሰው በሰው ላይ ቆሞ ውሃ ከታች ወደ ላይ ሲቀባበል የተመለከተ፣ የድርቅ ዓመት በሰውና በከብት ላይ ያደረሰውን የሚያውቅ የቆላ ሰው ይህን ሲሰማ መደንገጡ አይቀርም። በዲሴምበር 2015 ያንግ ጂያን ቢንግ የተባለ የሃያ አንድ ዓመት ቻይናዊ በማኒላ ለመመዘን ውሃ ሲቀንስ ሞተ። ያዘጋጀው ድርጅት ከዚያ ወዲህ ውሃ አስወጥቶ ክብደት መቀነስን ከልክሎ የተጋጣሚዎቹን የሰውነት ውሃ ያስመረምራል፤ ሌሎቹ ግን የቀድሞውን ልማድ አልተዉም።

ሁለተኛው የአንጎል ጕዳት ነው። ክሊቭላንድ ክሊኒክ የተባለው ሆስፒታል ከ2011 ጀምሮ በላስ ቬጋስ ቦክሰኞችንና ቅይጥ ተፋላሚዎችን በየጊዜው እየመረመረ ሲያጠና፣ በውጊያ ብዙ ዓመት ያሳለፉት የአንዳንድ የአንጎላቸው ክፍል መጠን ማነሱን፣ የማሰብ ፍጥነታቸውም መዘግየቱን አግኝቷል። ስለዚህ በዝረራ የተሸነፈ ሰው ለተወሰነ ጊዜ እንዳይጋጠም በሐኪም ይታገዳል። ሐኪምና የሚያግድ ባለሥልጣን በሌለበት ስፍራ ግን ማን ያግደዋል? ልጃችሁን ከአሠልጣኝ ዘንድ ስትወስዱ ይህን ጥያቄ ከክፍያው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከባህል በኩል የሚነሣ መቃወሚያም አለ። በጉጂና በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያገባች ሴት ሲንቄ የተባለ በትር አላት። የተጣሉ ወንዶች ሊዋጉ ሲነሡ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው መካከላቸው ከገቡ ውጊያው መቆም አለበት፤ ማለፍ ነውር ነው። እንግዲህ አንድ ሽማግሌ «የእኛ ሴት በትሯ ለማስታረቅ ነው፤ እናንተ እንድትማታ ታስተምሯታላችሁን?» ቢሉ ነገራቸው ከባድ ነው፤ በፈገግታ የሚታለፍም አይደለም። የእኛ አስተያየት ይህ ነው፤ ሽማግሌው የሚነቅፉት ጠብን ነው፤ በደንብ የሚመራ ስፖርት ደግሞ በመካከሉ የሚያስቆም ሰው ሳይኖር አይጀመርም። ይሁን እንጂ በስክሪን የሚታየው ስድብና ዛቻ፣ ተጋጣሚዎቹ ትኬት ለመሸጥ ሲሉ የሚወራወሩት ቃል፣ በሽማግሌው ዐይን የጠብ ወንድም ነው፤ በዚህ ላይ እኛም ከእርሳቸው ጋር ነን።

ስለ ትንሽ ከተማ ስናነሣ ወደ ራሳችን አገር ምሳሌ እንመለስ። በ1992 በባርሴሎና ኦሊምፒክ ያሸነፈችው ደራርቱ ቱሉ ከበቆጂ አካባቢ የወጣች ናት፤ ከእርሷ በኋላም ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያው ወጥተዋል። ስለ አየሩና ስለ ከፍታው ብዙ ተብሏል። ዳሩ ግን እነዚህ ልጆች ገና ሳይታወቁ ያሠለጠኗቸው አቶ ስንታየሁ እሸቱ በከተማው ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ፤ ማለትም እንደ እናንተው የመንግሥት ሠራተኛ። ኑኔስ በፖጁካ ያጣችውና በሳልቫዶር ያገኘችው ይህንኑ ነበር፤ ዕለት ዕለት በሩን የሚከፍት አንድ አስተማሪ።

ከነጌሌ እስከ አዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብቻዋን ተነሥታ በማሠልጠኛ ውስጥ ልደር ብትል የሚፈቅድላት ወላጅ አይገኝም፤ መፍቀዱም ተገቢ አይመስለንም። ስለዚህ መጀመሪያው በቅርብ መገኘት አለበት። ለዚህ በሽቦ የታጠረ መድረክ አያስፈልግም። ራውዚም ሆነች በ2012ና በ2016 የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘችው ሃሪሰን የጀመሩት በጁዶ ነው። ጁዶ ራስን መምታት የሌለበት ስፖርት ነው፤ ቴኳንዶም በአገራችን ብዙ ከተሞች አስተማሪ አለው። ሁለቱም በኦሊምፒክ የሴቶች ውድድር ያላቸው ስለ ሆኑ፣ ልጅቱ ወደ ቅይጥ ፍልሚያ ባትገባም የተማረችው አይባክንም። የሚያስፈልገውም ወፍራም ምንጣፍ፣ የታወቀ አሠልጣኝና ቢቻል አንዲት ሴት ረዳት ናት።

የቀረው የአዳራሹ ሰዓት ነው። በቆላ ከተማ የቆርቆሮ ጣራ ባለው አዳራሽ ውስጥ በቀትር ማሠልጠን አይሞከርም፤ ጊዜው ማለዳ ወይም ከዐሥራ አንድ ሰዓት በኋላ መሆን ይኖርበታል። በነዚሁ ሰዓቶች ግን ወንዶቹ ልጆች አዳራሹን ሲይዙ፣ ሴቶቹ ብዙውን ጊዜ ጄሪካን ይዘው የውሃ ወረፋ ላይ ናቸው። የአዳራሹን የሰዓት ሠንጠረዥ የሚያወጣው ሹም፣ ከመፈረሙ በፊት የከተማው ቦኖ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ቢጠይቅ መልካም ነው።