ገበሬው ለምን በጥር ይሸጣል?

ገበሬው በታኅሣሥና በጥር በርካሽ የሸጠውን እህል በነሐሴ በውድ ይሸምታል። አዲስ አበባ፣ ጉርድ ሾላ ያለው ሸማችም ክረምት በገባ ቁጥር ዋጋ ሲንርበት ደላላውን ይረግማል። ለእኔ ግን የነገሩ ሥር ያለው ማከማቻው ላይ ነው። እህል ማከማቸት ደግሞ ጥንታዊ ጥበብ ነው፤ ሙት ባሕር አጠገብ፣ በዮርዳኖሷ ድራ፣ ከ11 ሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ጎተራዎች ተገኝተዋል። አየር እንዲያገኛቸውና አይጥ እንዳይደርስባቸው ወለላቸው ከመሬት ከፍ ብሏል። ገብሱ ገና የዱር ነበር፤ ሰው እህልን ሳያላምድ ማስቀመጡን ተክኖበታል ማለት ነው። ጎተራዎቹ የቆሙት በቤቶቹ መካከል ነበር። ከሺህ ዓመታት በኋላ ግን በአናቶሊያዋ ቻታልሆዩክ እያንዳንዱ ቤት የጭቃ ጎታውን በየጓዳው አድርጓል። እህሉን ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበረ ብዬ አምናለሁ።

የአማራ ገበሬ ጎተራም ከድራው ብዙ አይርቅም። በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ይቆማል፤ በቀጫጭን እንጨት ይጎነጎንና ጭድና እበት በገባበት ጭቃ ተመርጎ የሣር ክዳን ይደፋበታል። ጤፍ ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዓመታት ይቆያል። በቆሎ ግን በጥቂት ወራት ዱቄት ይሆናል፤ ባለቤቱ ለመሸጥ የሚጣደፈውም ለዚህ ነው። አየር የማያስገባ ድርብ ከረጢት ነቀዙን ያለመድኃኒት አፍኖ ይገድላል። ቢሮው እዚሁ ጉርድ ሾላ፣ በዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል እንዲህ ያሉ ማከማቻዎችን በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ሲያስተዋውቅ ቆይቷል።

«ገበሬው የሚሸጠው ዕዳ አጣድፎት እንጂ ጎተራ አጥቶ አይደለም» የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው፤ የማዳበሪያ ዕዳ እስከ ሰኔ አይታገስም። ስለዚህ ከረጢት ብቻውን አይበቃም፣ እህሉ ራሱ ለብድር መያዣ መሆን አለበት። እህሉን ላስቀመጠ ሰው የሚሰጠው የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ከወጣለት ቆይቷል፤ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም በ2000 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር በዚሁ ደረሰኝ ነበር፣ ነገር ግን የገነነው በቡናና በሰሊጥ ነው። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ደግሞ የሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ እንዲሆን በሩን ከፍቷል። «ሁሉም ካከማቸ ዋጋ ይሰቀላል» የሚለው ሥጋትም አያሳምነኝም። ገበያን የሚያንቀው በጥቂት መጋዘኖች የታጨቀ እህል ነው፤ በብዙ ሺህ ጎተራ የተበተነውማ ክረምቱን ሙሉ በየገበያ ቀኑ እየወጣ ዋጋውን ያረጋጋል። ባንኮች ቤትና መኪና እንደሚይዙ ሁሉ፣ ከመጪው መኸር ጀምሮ የገበሬውን በቆሎም በመያዣነት ይቀበሉ።