ለሸክላ ዒላማ የመጀመሪያውን ጠመንጃ ለምትገዙ

ሚኒሶታና አጎራባች ግዛቶች ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። «ሸክላ መተኮስ ልጀምር ነው፣ የቱን ጠመንጃ ልግዛ?» የምትሉትን ማለቴ ነው። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ መነሻው ልጆቻችሁ እንደሆኑ አውቃለሁ። እዚህ የሸክላ ዒላማ ተኩስ እንደ እግር ኳሱ የትምህርት ቤት ስፖርት ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሊግ እ.ኤ.አ. በ2001 በዚሁ በሚኒሶታ ተጀምሮ ወደ ሌሎች ግዛቶች ተዛመተ፤ የግዛቱ ሻምፒዮናም በየዓመቱ በጁን ወር አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ ይካሄዳል። ልጅ ይመዘገባል፣ አባት ሊያደርሰው ይሄዳል፣ ጥቂት ቅዳሜ ዳር ቆሞ ካየ በኋላ እሱም መሞከር ያምረዋል።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልለይ። የምጽፈው አገር ቤት ስለሚያዝ መሣሪያ አይደለም። ጎጃም ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለበትን ሁሉም ያውቃል፤ የእናቱን ድምፅ ለመስማት ኔትወርክ እስኪመለስ የጠበቀ ሰው በሚያነበው ገጽ ላይ ስለ ጠመንጃ በዋዛ አይጻፍም። በአገራችንም ቢሆን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። እኔ የማወራው ሕጉ በሚፈቅድበት አገር፣ በክበብ ሜዳ ላይ፣ በአሠልጣኝ ፊት ስለሚተኮስ ስፖርት ነው።

እኛ ጠመንጃ እናውቃለን፤ የምንቸገረውም በዚሁ ነው። ምንሽር፣ ዲሞትፈር፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ቤልጅግ ሲባል እየሰማን አድገናል። እነዚህ ሁሉ አንድ እርሳስ ወደ አንድ ነጥብ የሚልኩ ናቸው። ለሸክላ የሚያገለግለው ሾትገን ግን የረሽ ጠመንጃ ነው። አንዱ ቀለህ ውስጥ እንደ ፍሬው መጠን ከሦስት መቶ በላይ ደቃቅ እርሳስ ይኖራል፤ ከአፈሙዙ ሲወጣ እየተበተነ ይሄዳል። ሸክላውም ስሙ ሸክላ ይሁን እንጂ ከቅጥራንና ከኖራ ድንጋይ ዱቄት የተሠራ፣ ስፋቱ 11 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 100 ግራም ገደማ የሆነ ሳህን ነው። ከማሽኑ ሲወነጨፍ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል።

በሠርግ ወይም በበዓል ዒላማ ሲተኮስ ያያችሁትን አስታውሱ። ተኳሹ ይንበረከካል ወይም ክንዱን ድንጋይ ያስደግፋል። አንድ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ የፊቱንና የኋላውን ማነጣጠሪያ አገጣጥሞ ምላጩን በቀስታ ይስባል። ጥይት ውድ ስለሆነ አይቸኩልም። ለምንሽር ይህ ሁሉ ትክክል ነው፣ ሸክላ ላይ ግን ያስታል። ሒሳቡን እዩት፦ ረሹ በሴኮንድ 365 ሜትር ገደማ ይዞ ቢነሣ 30 ሜትር ለመድረስ አንድ አሥረኛ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ቅጽበት በጎን የሚያቋርጥ ሸክላ ወደ 1.8 ሜትር ተጉዟል። ስለዚህ ልክ ሸክላው ላይ አነጣጥሮ፣ ጠመንጃውን አቁሞ የተኮሰ ሰው ሁልጊዜ ከኋላው ነው። ጠመንጃው ከሸክላው ጋር እየሄደ፣ ቀድሞት እያለፈ ነው መተኮስ ያለበት፤ ከተተኮሰም በኋላ መቆም የለበትም። ጥይት መቆጠቡም እዚህ አይሠራም። አንድ ዙር 25 ሸክላ ነው፤ «እርግጠኛ ልሁን» ብሎ የጠበቀ ሰው ሸክላው እየወረደና እየራቀ ይሄድበታል።

ትልቁ ለውጥ ግን የዓይን ነው። የገና ጨዋታ የተጫወታችሁ ታውቁታላችሁ፤ እየተንከባለለች የምትመጣውን ሩር የሚመታ ልጅ ዓይኑ ሩሯ ላይ ነው፣ ዱላውን አያይም። ሸክላም እንደዚያ ነው። ሁለቱም ዓይን ይከፈታል፣ እይታው ሸክላው ጠርዝ ላይ ይተከላል፣ ጠመንጃው እጅን ተከትሎ ይመጣል።

ከዚህ ተነሥታችሁ ነው ጠመንጃ የምትመርጡት። የረሽ ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ በኋላ ማነጣጠሪያው ቦታ የሚቆመው የተኳሹ ዓይን ነው። ጉንጫችሁ ሰደፉ ላይ የሚያርፍበት ቦታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ 30 ሜትር ላይ ረሹ በግልጽ ይለያያል። ስለዚህ ከስሙም፣ ከዋጋውም፣ ከአገሩም በፊት የሚቀድመው ልክ ነው። ሱፍ ስትገዙ ትለኩ የለ? ለጠመንጃ ከዚያ በላይ ተለኩ።

መለኪያው ቀላል ነው። ሱቅ ውስጥ አስፈቅዳችሁ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ከፍታችሁ በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ሰው ወደሌለበት ግድግዳ ዙሩ። ዓይናችሁን ጨፍኑና እንደለመዳችሁት ወደ ትከሻችሁ አምጡት፤ ጉንጫችሁን አሳርፉ፤ ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። በበርሜሉ አናት ላይ ያለው ዝርግ መስመር ከፊታችሁ ተዘርግቶ፣ ጫፉ ላይ ያለችው ፍሬ መሀል ላይ ከታየች ጥሩ ነው። የምታዩት የጠመንጃውን ጀርባ ብቻ ከሆነ ጉንጫችሁ ዝቅ ብሏል፣ ረሹም ወደ ታች ይሄዳል። መስመሩ ሽቅብ እንደወጣ መንገድ በሰፊው ከታያችሁ ጠመንጃው ወደ ላይ ይተኩሳል። ፍሬዋ በጎን ከወጣች የሰደፉ ዝንባሌ የእናንተ አይደለም። ርዝመቱን ደግሞ በአፍንጫና በአውራ ጣት መካከል ባለው ክፍተት ገምቱ፤ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ከሆነ ይበቃል። ፋብሪካዎች ከምላጭ እስከ ሰደፍ ጫፍ ብዙውን ጊዜ 36 ወይም 37 ሴንቲ ሜትር አድርገው ይሠራሉ። ይህ ለብዙ እናቶችና ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ይረዝማል። ረጅም ሰደፍ ልብስ ይይዛል፣ ከትከሻ ወጥቶ ክንድ ላይ ያርፋል፤ የበለዘ ክንድ ይዞ የመጣ ጀማሪ ብዙ ጊዜ የጎዳው የጥይቱ ኃይል ሳይሆን ይህ ነው።

የትኛው ዓይናችሁ እንደሚመራም እወቁ። ሁለቱንም ዓይን ከፍታችሁ ሩቅ ባለ ነገር ላይ ጣታችሁን ጠቁሙ፤ ከዚያ አንዱን ጨፍኑ። ጣቱ ካልተነቃነቀ የሚመራው የተከፈተው ዓይን ነው። በቀኝ እጁ የሚጽፍ፣ ዓይኑ ግን የግራ የሆነ ሰው ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ከአሠልጣኝ ጋር ይማከር፤ ከግራ ትከሻ መተኮስ መማር ለጀማሪ የሚከብድ ነገር አይደለም፣ የሚገዛውም ጠመንጃ በዚያው ይወሰናል።

ወደ ዓይነቱ ስንመጣ፣ በሜዳው ላይ በብዛት የምታዩት አንዱ በርሜል በሌላው ላይ የተደረበ ባለ ሁለት አፍ ነው። የዚህ ጠመንጃ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ማውዘር የሸጠው የቤልጅጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ ነው ይህን ዓይነት ጠመንጃ በሰፊው ያስለመደው። ጆን ብራውኒንግ ንድፉን ሲሠራ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1926 እዚያው ፋብሪካው ባለበት ኤርስታል ውስጥ በሥራው ላይ ሳለ አረፈ፤ ጠመንጃው በ1931 ለገበያ ቀረበ። ዛሬ ከዚያው ዘር የሚቆጠረው ሲቶሪ ከ1973 ጀምሮ ጃፓን ውስጥ ይሠራል፤ ከጣሊያን ደግሞ የቤሬታ 686 አለ። ሁለቱም ለአሥርት ዓመታት የሚያገለግሉ ናቸው፣ አዲሱ ግን ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ነው። የዚህ ዓይነት ትልቁ ጥቅም ደኅንነቱ ነው፤ ሲከፈት ባዶ መሆኑን ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያያል።

ከፊል አውቶማቲኩን ብዙ የአገራችን ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ለታዳጊና ትከሻው ለሚያመው ሰው አስቀድሜ የምመክረው እሱን ነው። በጋዝ የሚሠራው የርግጫውን ኃይል ጊዜ ሰጥቶ ስለሚያከፋፍለው ትከሻ ላይ ይለዝባል፤ ዋጋውም ከባለ ሁለት አፉ ያንሳል። ባዶውን ቀለህ ወደ ቀኝ ስለሚወረውር ትራፕ በሚባለው የሸክላ ውድድር ላይ አጠገባችሁ የቆመውን ሰው ይመታል፣ ስለዚህ ቀለህ መያዣ ግጠሙለት። በእጅ የሚጎተተው ፓምፕ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ የሚሠራው ሬሚንግተን 870፣ ከሁሉ ይረክሳል። አንድ ሸክላ በአንድ ጥይት ለሚተኮስበት ትራፕ ይበቃል፤ ሁለት ሸክላ በአንድ ጊዜም ለሚወጣበት፣ ስኪት ለሚባለው ውድድር ግን ጀማሪን ያደክማል።

መጠኑን በተመለከተ አላንዛዛም፤ 12 ቁጥር ግዙ። ቁጥሩ ሲያንስ አፉ ይሰፋል፤ 12 ቁጥር 18.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጥይቱ የትም ይገኛል፣ ቀላሉን ከመረጣችሁም አይጎዳችሁም። ኦሊምፒክ ላይ ራሱ የሚተኮሰው 24 ግራም ረሽ ብቻ ነው፤ ለልምምድ 24 ወይም 28 ግራም ጠይቁ። ከባድ ጠመንጃ ርግጫውን ይውጠዋልና 3.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን አትፍሩት። ቤት ውስጥ 12 እና 20 ቁጥር አብረው ካሉ ግን ተጠንቀቁ። የ20 ቁጥር ጥይት 12 ቁጥር ውስጥ ከገባ ተንሸራቶ በርሜሉ ውስጥ ይወተፋል፤ ከኋላው ሌላ ጥይት ተጨምሮ ከተተኮሰ በርሜሉ ይፈነዳል። የ20 ቁጥር ቀለህ ቢጫ የሚደረገው ለዚህ ነው። በአንድ ኪስ አትቀላቅሏቸው።

የአገራችን ሰው በሬ ሸጦ ጠመንጃ የገዛው ጠመንጃ ርስትና ክብር ስለነበረ ነው። ያ ታሪክ የሚከበር ነው። ግን ያንኑ ልብ ይዞ ሱቅ የገባ ሰው ጌጡ የበዛውን፣ የብር ቅርጽ ያለውን ይመርጥና ለጥይት የሚተርፈው ያጣል። ሸክላ የሚያስተምረው ብዙ መተኮስ ነው። ግማሹን ገንዘብ ለጥይት፣ ለሜዳ ክፍያ፣ ለጆሮ መከላከያና ለመነጽር አስቀሩ።

ሕጉ ላይ ሁለት ነገር። በቱሪስት ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው በፌዴራል ሕጉ፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መሣሪያ መግዛትም መያዝም አይችልም፤ ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። ሁለተኛው፣ «ወረቀት የለኝም፣ በአንተ ስም ግዛልኝ» ያለ ወዳጅ ገንዘቡን ሰጥቶ ቢልካችሁ እንቢ በሉ። ይሉኝታችን ብዙ ነገር ያስፈርመናል፤ ይህኛው ግን ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ከመግዛታችሁ በፊት ክበቡ የሚያውሰውን ተኩሱበት፣ ከዚያ ያገለገለ ፈልጉ፤ ለመጀመሪያው ጠመንጃ ያገለገለ ጥሩ ባለ ሁለት አፍ ከአዲስ ርካሽ ይሻላል። ስታዩት የፊት እጀታውን አውልቃችሁ በርሜሉን ነቅነቅ አድርጉት፤ ከተላወሰ ተዉት። አናቱ ላይ ያለው መክፈቻ ሲዘጋ ወደ ቀኝ ዘንበል ብሎ ቢቆም ገና አላረጀም፤ መሀሉን አልፎ ወደ ግራ ከሄደ ብዙ ተተኩሶበታል። በርሜሉን ወደ ብርሃን አዙራችሁ ውስጡን እዩ፤ ክብ ጥላ ካለበት አብጧል ወይም ተሰርጉዷል። ሻጩ የክበቡ አባል ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ዙር በጠመንጃው እንድትተኩሱ ጠይቁት፤ አብዛኞቹ እሺ ይላሉ።