ሪህ ቤታችን ሲገባ፦ ጸሎት፣ መድኃኒትና ማዕድ

መስከረም በሆሳዕናና በአካባቢዋ የደስታ ወር ነው። ሀዲያው ያሆዴን፣ ከምባታው መሳላን ያከብራል። ሰንጋ በቅርጫ ይታረዳል፣ ክትፎው ከቆጮ ጋር ይቀርባል፣ ርቀው የሄዱ ልጆች ይሰበሰባሉ። ከበዓሉ ማግስት ግን በአንዳንድ ቤት አባወራው በሌሊት በሕመም ይነቃል። የእግሩ አውራ ጣት አብጧል፣ ቀልቷል፣ እንደ እሳት ይነድዳል። አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸዋል።

ሪህ ምንድን ነው?

በተለምዶ ማናቸውንም የመገጣጠሚያ ሕመም ሪህ እንላለን። ሐኪሞች ጋውት የሚሉት ግን መንስኤው የታወቀ ነው። ሰውነታችን ፕዩሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሲሰባብር ዩሪክ አሲድ ይፈጠራል፤ ኩላሊትም በሽንት ያስወግደዋል። በደንብ ካልተወገደ በደም ውስጥ ይከማችና እንደ መርፌ የሾለ ደቃቅ ጠጣር ሆኖ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ ዋናው ምክንያት የኩላሊት በሚገባ አለማስወገድ ነው፤ በዘርም ይወርዳል። ስለዚህ የታመመውን ወንድም “ሥጋ ወዳድ ስለሆንክ ነው” ብለን አናሳፍረው። በሽታው ወንዶችን ይበልጥ ያጠቃል፤ ሴቶችን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የወር አበባ ከቆመ በኋላ ነው።

የንጉሡ የአሳ እግር

በ2ኛ ዜና መዋዕል 16፥12 ንጉሥ አሳ በነገሠ በ39ኛው ዓመት እግሩን እንደታመመ እናነባለን። መጽሐፉ የበሽታውን ስም አይነግረንም። አንዳንዶች ግን ይህን ክፍል ይዘው “መድኃኒት መዋጥ የእምነት ማነስ ነው” ይላሉ። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ብናነበው አሳ የተወቀሰው በጌታ መደገፍን ትቶ በሶርያ ንጉሥ በመደገፉ ነው። በሕመሙም ጊዜ ያው ልብ ታየበት። ጥፋቱ እግዚአብሔርን መተዉ እንጂ ሐኪም ማየቱ አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ጸልዮ እግዚአብሔር እንደሚፈውሰው ቃል ከገባለት በኋላ እንኳ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ ተደርጎለታል (2ኛ ነገሥት 20፥7)። ሉቃስም ሐኪም ነበር (ቆላስይስ 4፥14)። እንጸልይ፤ መድኃኒታችንንም እንዋጥ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የሪህ ሕመም ሳይታከም እንኳ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ጋብ ይላል። ሰው ያን ጊዜ “ተፈውሻለሁ” ብሎ ይመሰክርና መድኃኒቱን ይጥላል። ዩሪክ አሲዱ ግን ከፍ እንዳለ ከሆነ ጠጣሩ ውስጥ ውስጡን ይጨምራል፤ ቆይቶ መገጣጠሚያን ያበላሻል፣ የኩላሊት ጠጠርም ያመጣል። ጌታን ማመስገን መልካም ነው። ደሙን ደግሞ እናስመርምር፤ እርሱ የፈወሰውን ምርመራ አያሳፍረውም።

ሁለት ዓይነት መድኃኒት

የመጀመሪያው ሕመሙ ሲነሳ የሚያስታግሰው ነው። አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ኮልቺሲንና ፕሬድኒሶሎን በዚህ ይመደባሉ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዱ ስለሚችሉ የኩላሊት፣ የልብ፣ የጨጓራ ወይም የደም ግፊት ሕመም ያለበት ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር አይውሰዳቸው።

ሁለተኛው ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው ነው። በሰፊው የሚታወቀው አሎፑሪኖል ነው፤ በሥራው ከተሳተፉት ሳይንቲስቶች መካከል ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ይህ ማስታገሻ አይደለም። ሕመሙ ለሚመላለስበት ሰው በየቀኑ፣ ብዙውን ጊዜ ለዘለቄታው ይወሰዳል። ሐኪሙ በ100 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ባነሰ ይጀምርና ዩሪክ አሲዱ በዴሲ ሊትር ደም ከ6 ሚሊ ግራም በታች እስኪወርድ ቀስ በቀስ ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመሙ ሊቀሰቀስ ይችላል፤ “አልሠራም” ብላችሁ አታቁሙት። ቆዳ ላይ ሽፍታ ከወጣ ግን ወዲያው አቁማችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ከጎረቤት ኪኒን መበደርም ይቅር።

በሆሳዕና የንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል አለ፤ ዱራሜም ሆስፒታል አላት። መገጣጠሚያው አብጦ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን እንኳ አትቆዩ።

በጓዳችን

እህቴ ሆይ፣ የባልሽ መድኃኒት ግማሹ በጓዳሽ ነው ቢሉሽ ጥቂት ማጋነን አለበት፤ ምግብ ብቻውን ዩሪክ አሲድን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነውና። ቢሆንም ይረዳል። ዱለት፣ ጉበትና ኩላሊት ይቅሩ። ቀይ ሥጋና የሥጋ መረቅ ይቀነሱ። “እኛ ቤት መጠጥ የለም” ብለን አንዘናጋ፤ ስኳር የበዛበት ለስላሳም ዩሪክ አሲድን ይጨምራል። ሽሮና ምስር ግን ፕዩሪን ቢኖራቸውም እንደ ሥጋ ሪህን ሲያባብሱ አልታየም። ቆጮና ቡላ፣ ጎመን፣ ቅባቱ የወጣለት ወተት ይስማማሉ። ቡናም ያለ ብዙ ስኳር አይከለከልም። ውኃ በብዛት ይጠጣ። ክብደት ይቀነስ፤ ግን በዝግታ።

ስለ ጾምም ልናገር። ሦስት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውኃ መጾም ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላል። ይህ በሽታ ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ይምከር፤ ውኃ እየጠጣ ወይም ሌላ ነገር ትቶ ይጹም። ጌታ የሚያየው ልብን ነው።

ለባለ ትዳሮች

ወንድሜ፣ ሕመምህን ለሚስትህ አትደብቅ። እህቴ፣ ለብቻው የተለየ ማዕድ አታቅርቢለት፤ ቤተሰቡ ሁሉ አብሮት ይብላ። በሠርግና በበዓል ቤት አስተናጋጆች “ካልበላህልን እንቀየማለን” እያልን አገልጋዮችን በፍቅር ስም አናስጨንቅ። በቅርጫውም ድርሻችንን ወስደን ለሌለው ጎረቤት ብናካፍል በዓሉ አይጎድልም፤ እንዲያውም ይሞላል።

ሰውነታችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው (1ኛ ቆሮንቶስ 6፥19)። ዛሬ ማታ ባልና ሚስት ተያይዛችሁ ጸልዩ፤ ነገ ጠዋትም አብራችሁ ወደ ምርመራ ሂዱ። ጌታ እግራችሁን ያጽና።