የልዕለ ጀግና ኮሚክ ኦሪጂናል ሥዕል

የኮሚክ ኦሪጂናል ሥዕል ማለት አንድ የኮሚክ መጽሔት ከመታተሙ በፊት ሠዓሊዎች በወረቀት ላይ በእጃቸው የሠሩት ገጽ ነው። የታተመው መጽሔት በመቶ ሺዎች ሊባዛ ይችላል፤ ኦሪጂናሉ ገጽ ግን አንድ ብቻ ነው። በአሜሪካ እንደ ማርቭልና ዲሲ ባሉ አሳታሚዎች የወጡ የልዕለ ጀግና ታሪኮች (ለምሳሌ ባትማንና ስፓይደርማን) ኦሪጂናል ገጾች በሰብሳቢዎች ዘንድ በጣም ይፈለጋሉ።

አሠራር

በተለመደው አሠራር አንድን ገጽ የሚሠሩት ብዙ ሰዎች ናቸው። የእርሳስ ሠዓሊው ታሪኩን በሳጥን በሳጥን ከፍሎ ይነድፋል። ሌላ ባለሙያ በንግግር አረፋዎቹ ውስጥ ቃላቱን በእጁ ይጽፍ ነበር። ከዚያ የጥቁር ቀለም ሠዓሊው በእርሳሱ መስመር ላይ በብዕርና በብሩሽ ይሠራል፤ እርሳሱም በላጲስ ይጠፋል። ሌሎቹ ቀለማት የሚጨመሩት በተለየ ደረጃ ስለሆነ ኦሪጂናሎቹ አብዛኛውን ጊዜ ጥቁርና ነጭ ናቸው።

ኦሪጂናሉ ከታተመው ገጽ ይበልጣል። እስከ 1967 እ.ኤ.አ. ገደማ ሥዕሉ ወደ 32 በ47 ሳንቲሜትር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ወደ 25 በ38 ሳንቲሜትር አንሷል።

በገጹ ላይ የሚታዩ ምልክቶች

በታተመው መጽሔት የማይታዩ ብዙ ነገሮች በኦሪጂናሉ ላይ ይገኛሉ። ስህተት የተሸፈነበት ነጭ ቀለም፣ ተቆርጦ የተለጠፈ ወረቀት፣ ያልጠፋ የእርሳስ መስመርና የአዘጋጁ ትእዛዝ ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ማተሚያ ቤቶች ይጠቀሙበት የነበረው ካሜራ ፈዛዛ ሰማያዊን ስለማያነሣ ማስታወሻ በሰማያዊ እርሳስ ይጻፍ ነበር።

እነዚህ ምልክቶች የታሪክ ማስረጃም ናቸው። በ1960ዎቹ በማርቭል ሠዓሊው ከአጭር ሐሳብ ተነሥቶ ገጾቹን ይሥላል፤ ጸሐፊው ስታን ሊ ደግሞ ንግግሩን በኋላ ይጨምር ነበር። ሠዓሊው ጃክ ኪርቢ በብዙ ገጾች ኅዳግ ላይ በየሳጥኑ ምን እንደሚከናወን ጽፏል። ስለዚህ ታሪኩን ማን ፈጠረው ለሚለው ክርክር ኦሪጂናሎቹ ይጠቀሳሉ።

የባለቤትነት ጥያቄ

አሳታሚዎች ለረጅም ጊዜ እነዚህን ገጾች ከኅትመት በኋላ እንደማያስፈልግ ዕቃ ያዩአቸው ነበር። ብዙዎቹ ተጥለዋል፣ ለእንግዳ ተሰጥተዋል ወይም ጠፍተዋል። ማርቭልና ዲሲ ገጾችን ለሠዓሊዎች መመለስ የጀመሩት በ1970ዎቹ ነው።

በ1980ዎቹ ማርቭል የኪርቢን ሥራዎች ለመመለስ ከሌሎች ሠዓሊዎች ከጠየቀው የበለጠ ረጅም የስምምነት ሰነድ እንዲፈርም ጠየቀው። ኪርቢ እምቢ አለ፤ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹም ደገፉት። በመጨረሻ በ1987 እ.ኤ.አ. ወደ 2,000 የሚሆኑ ገጾች ተመለሱለት፤ ለድርጅቱ የሣላቸው ግን ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ገጹን የገዛ ሰው የወረቀቱ ባለቤት እንጂ የቅጂ መብቱ ባለቤት አይሆንም። ሥዕሉን ያለ ፈቃድ አሳትሞ መሸጥ አይችልም።

ዋጋና መመዘኛ

ሰብሳቢዎች ዋጋ ሲተምኑ የሠዓሊዎቹን ማንነት፣ ዘመኑን፣ የታሪኩን ዝናና ጀግናው በልብሱ መታየቱን ያያሉ። ሽፋኖችና አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ያለባቸው ገጾች ከተራ ገጾች ይወደዳሉ። ገጹ በማን እጅ ሲተላለፍ እንደቆየ ማጣራትም አስፈላጊ ነው።

ዎልቨሪን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን የሀልክ ቁጥር 180 የመጨረሻ ገጽ ሠዓሊው ኸርብ ትሪምፕ በ1983 እ.ኤ.አ. ለአንድ ወጣት በስጦታ ሰጥቶት ነበር። ገጹ በ2014 እ.ኤ.አ. በጨረታ 657,250 ዶላር አወጣ። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስፓይደርማን ጥቁር ልብስ አመጣጥ የሚታይበት፣ ማይክ ዜክ የሣለው የ1984 እ.ኤ.አ. ገጽ 3.36 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል።

ዛሬ ብዙ ሠዓሊዎች በኮምፒዩተር ስለሚሥሉ አንዳንድ ታሪኮች የወረቀት ኦሪጂናል የላቸውም። በሌሎች ሥራዎች ላይ ደግሞ የእርሳሱ ሥዕል ስካን ተደርጎ በፈዛዛ ሰማያዊ በሌላ ወረቀት ይታተማል፤ ጥቁሩ ቀለም የሚሠራው በዚያ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ገጽ ሁለት ኦሪጂናል ይኖረዋል፤ ገዢ የትኛውን እንደሚገዛ ማወቅ አለበት።

አያያዝ

አሲድ ያለበት ወረቀት በጊዜ ብዛት ይበልዛል፤ የድሮ ሙጫ ይለቃል፤ በማርከር የተቀባ ቦታም በብርሃን ይደበዝዛል። ስለዚህ ገጾቹ ከአሲድ ነፃ በሆነ ማኅደር፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቀው ይቀመጣሉ።

ሳይገዙ ማየት

ስፓይደርማን በ1962 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣበት ዕትም፣ ስቲቭ ዲትኮ የሣላቸው 24 ኦሪጂናል ገጾች፣ ስሙ ባልተገለጸ ሰው ስጦታ በ2008 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተሰጥተዋል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አይ.ዲ.ደብልዩ የተባለው አሳታሚ ኦሪጂናል ገጾችን በሙሉ መጠናቸውና ከነምልክታቸው እያባዛ በመጽሐፍ አውጥቷል።