ገና ላልተሠራ መርከብ የሚከፈል ገንዘብ

ነጋዴዎቻችን ስለ መርከብ ኪራይ ውድነትና በጂቡቲ ስለሚዘገየው ዕቃ ዘወትር ይነጋገራሉ፤ መርከቡ ራሱ በምን ዓይነት ውል እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ከባሕር ማዶ የፋብሪካ መሣሪያ አዝዞ ቅድሚያ ለሚከፍል ሁሉ ጉዳዩ የቅርብ ጉዳይ ነው። ከአንዱ በቀር ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መርከብ አሠሪው ዋጋውን የሚከፍለው በየደረጃው ነው፤ ይኸውም ውሉ ሲፈረም፥ ብረቱ መቆረጥ ሲጀምር፥ መርከቡ ወደ ውኃ ሲወርድ፥ በመጨረሻም ሲረከብ ነው። ሠሪው በመካከሉ የወደቀ እንደ ሆነ አሠሪው ከሌሎቹ ገንዘብ ጠያቂዎች ጋር ተራውን ጠብቆ ይቆማል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ከባንክ የገንዘብ መመለሻ ዋስትና መቀበል የተለመደ ሆኗል።

ዋስትና መያዝ ብቻውን ግን አይበቃም። በሜይ ወር 2007 ጂንሴ የተባለ የደቡብ ኮርያ ድርጅት ስድስት መርከቦች ለመሥራት ተዋዋለ፤ የእያንዳንዱ ዋጋ 33.3 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ በአምስት እኩል ክፍያ እንዲከፈል ተወሰነ። ኩክሚን ባንክም ለገዢዎቹ ዋስ ሆነ። በ2008 ሠሪው የገንዘብ ችግር ደረሰበት፤ በሚከተለው ዓመትም ዕዳውን ለማስተካከል ከአበዳሪዎቹ ጋር ድርድር ገባ። ውሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ የተከፈለው ይመለሳል ስለሚል ገዢዎቹ ዋሱን ጠየቁ። ባንኩ ግን፥ ገንዘብ የሚመለስባቸው ምክንያቶች በደብዳቤው ሁለተኛ አንቀጽ ተዘርዝረዋል፤ የሠሪው መክሰር ከእነርሱ ውስጥ የለም፤ በሦስተኛው አንቀጽ ያለው «እንዲህ ያለ ገንዘብ» የሚለው ቃልም ወደዚያው ዝርዝር ብቻ ይመለሳል ብሎ አልከፍልም አለ።

ከ46 ሚሊዮን ዶላር በላይ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ። በለንደን የመጀመሪያው ዳኛ ለገዢዎቹ ፈረደ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በድምፅ ብልጫ ለባንኩ ገለበጠው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ኖቬምበር 2 ቀን 2011 እንደገና ለገዢዎቹ መለሰው። ቃሉ ሁለት ትርጉም የሚሸከም ከሆነ ለንግድ አእምሮ የሚስማማው ይመረጣል፤ ሠሪው ሲከስር፥ ማለት እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት፥ የማይሠራ ዋስትና ደግሞ ለገዢ ምን ይጠቅመዋል ማለታቸው ነው።

አስመጪዎቻችን ግን በዚህ ፍርድ ተማምነው እንዳይተኙ። በእኛ አቆጣጠር በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922፥ ዋስትና በግምት አይያዝም፥ በግልጽ መነገር አለበት፥ ከተሰጠበትም ወሰን አያልፍም ይላል፤ ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ያልተጻፈበትም አይጸናም። በእንዲህ ያለ ሕግ ፊት የተሸፋፈነ ደብዳቤ ይዞ መቅረብ አስጊ ነው። ይህ ጸሐፊ በሥራው ብዙ የባንክ ደብዳቤ አገላብጧል፤ አብዛኛው ሰው ድምሩንና ማኅተሙን አይቶ ወደ ፋይል ይከተዋል።

መዘግየትም የራሱ ደንብ አለው። በተለመደው ውል ከማስረከቢያው ቀን በኋላ 30 ያህል የችሮታ ቀናት ያለ መቀጫ ያልፋሉ፤ ከዚያ በየቀኑ ከዋጋው ይቀነሳል፤ መዘግየቱ ከተወሰነው ልክ፥ ብዙውን ጊዜ ከ180 ወይም ከ210 ቀን ሲያልፍ ገዢው ውሉን ማፍረስ ይችላል። ገዢው ራሱ ያዘዘው ለውጥ ያስከተለው መዘግየት ግን በሠሪው ላይ አይቆጠርም። በሜይ 2008 እስከ 11,793 ወጥቶ የነበረው የባልቲክ የደረቅ ጭነት ኪራይ መለኪያ በዲሴምበር 663 ላይ ወረደ፤ ትናንት መርከቡ ቶሎ እንዲደርስለት ይለምን የነበረው ገዢም የሠሪውን የመዘግየት ቀን በደስታ ይቆጥር ጀመር። ቆጠራውን ስቶ ከጊዜው በፊት ውሉን ያፈረሰ ግን ካሣ ተጠያቂው እርሱ ይሆናል።

መዘግየቱና ዋስትናው የሚገናኙበት ቦታም አለ። የባንኩ ደብዳቤ የማብቂያ ቀን አለው። በወዳጅነት ለሠሪው ሦስት ወር የጨመረ ገዢ፥ መርከቡ ሳይደርስ ዋስትናው ሊያልቅበት ይችላል፤ በእንግሊዝ ሕግም ዋሱ ሳይስማማ ዋናው ውል በከባድ ነገር ሲለወጥ ዋሱ ነጻ የሚወጣበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ተጨማሪ ጊዜ ከመፍቀድ በፊት የባንኩን ስምምነት በጽሑፍ መቀበልና የማብቂያውን ቀን ማስለወጥ ያስፈልጋል።